አሰቦትን በካርቶን ብንሠራ ምን ነውር አለው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ወደ መኝታ ክፍሌ ገብቶ በጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ነገር ለጥቂት ጊዜ ትክ ብሎ ከተመለከተ በኋላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠህ መጨረሻህ የዕቃቃ ጨዋታ ሆነ?» አለኝ። በጠረጴዛው ላይ የነበረው ከጫማ ካርቶን ተቆርጦ በኮላ የተያያዘ፣ ጣሪያው ገና ያልተከደነ፣ ከፍታው ከጣት፣ ርዝመቱም ከስንዝር የማያልፍ አንድ ቤት ነው። ወዳጄ ጣቱን በመስኮቱ አስገብቶ ነቅነቅ ቢያደርገው የጀርባው ግድግዳ ተላቀቀ። ይቅርታም ሳይጠይቀኝ እየሳቀ ወጣ። እኔም የተላቀቀውን ግድግዳ መልሼ ሳጣብቅ አመሸሁና፣ ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ይህን ጽሑፍ ጀመርኩ።

ነገሩ የእርሱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ዳሩ ግን በሻይ ቤቱም በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍም ይኸው ጥያቄ መልኩን እየለወጠ መጥቶብኛል። አንዱ «የልጅ ሥራ ነው» ይላል፤ ሌላው «የፈረንጅ ሀብታም ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የባሰውን፣ «የሞተ ባቡር ለቅሶ ነው» ይላል። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ የተማሪ ወገኖቼ ጥቂት ጊዜ ሰጥተው እንዲያደምጡኝ እለምናለሁ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ጭምር በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ሃዲድ ዘርግተው፣ ትንንሽ ባቡር እየነዱ፣ በሃዲዱ ዳርና ዳር ጣቢያውን፣ መጋዘኑን፣ የሠራተኛውን ቤትና ድልድዩን በልክ አሳንሰው ይሠራሉ። ብዙዎቹ የሚከተሉት ልክ አንድ ለሰማንያ ሰባት ነው፤ ይኸውም በእውነተኛው ዓለም 87 ሜትር የሆነው በጠረጴዛው ላይ አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቤቶቹ ዛሬ በአብዛኛው ከፕላስቲክ ይመረታሉ። ከፕላስቲኩ በፊት የነበረው ግን ካርቶንና ወረቀት ነው። በጀርመን አገር ኤስሊንገን በምትባል ከተማ ሽራይበር የሚባል ማተሚያ ቤት ተቆርጠው የሚታጠፉ የቤት ሥዕሎችን ከመቶ ዓመት በላይ እያተመ ይሸጥ ነበር። በእንግሊዝም በካርቶን የታተሙ የጣቢያና የመንደር ቤቶች እስከ ዛሬ ይሸጣሉ።

እዚህ ላይ ክርክሬ ይጀምራል። ገንዘብ ያለው ሰው ገዝቶ የሚያመጣው ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? በረዶ እንዳይከማችበት ጣሪያው የሾለ፣ በመስኮቱ ሥር የአበባ ሣጥን የተንጠለጠለ፣ የአልፕስ ተራራ መንደር ጣቢያ ነው። መልካም ነው፤ ለስዊስ ሰው አገሩ ነው። ለእኔ ግን በዚያ ጣቢያ ማንም ሰው አይወርድም። የአሰቦትን ጣቢያ የሚሸጥ ሱቅ በዓለም ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። አሰቦትን የሚፈልግ ሰው ምላጭ፣ ማስመሪያ፣ ኮላና የጫማ ካርቶን ይዞ ራሱ ከመሥራት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ካርቶን የድሃ ዕቃ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ሰው የራሱን ቤት በራሱ ልክ እንዲሠራ የሚያስገድድ ዕቃ እርሱ ብቻ ነው።

አሰቦትን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ አዋሽን ተሻግሮ፣ አርባን አልፎ፣ ሚኤሶ ሳይደረስ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በስተበላይዋ የሥላሴ ገዳም ያለበት የአሰቦት ተራራ ይታያል። ከሚኤሶ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ደግሞ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ጭሮ ይወስዳል። ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ በአሰቦት አልፏል፤ ብዙዎቻችሁ ግን እንቅልፍ ላይ ነበራችሁ።

እኔ የተወለድኩት ባቡሩ ሊቀር ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። አየሁት ብዬ የማስበው ነገር በእርግጥ ያየሁት ይሁን ወይስ እናቴ ደጋግማ ስለ ነገረችኝ በዓይኔ ላይ የቀረ ይሁን ለይቼ መናገር አልችልም። እናቴ በጣቢያው ሻይና የተቀቀለ ዕንቁላል ትሸጥ ነበር። ባቡሩ የሚመጣበትን ሰዓት የምታውቀው በሰዓት አልነበረም፤ መጀመሪያ ውሾቹ ይነሣሉ፣ ቀጥሎ ሃዲዱ ያንጎራጉራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥሩምባው የሚሰማው ትላለች። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የመንገደኛው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ መመላለሱን ሲያቆም፣ እናቴ ጀበናዋንና የሻይ ብርጭቆዋን ሰብስባ ወደ አውቶቡሱ መንገድ ተሻገረች። ብዙ ሰው እንዲሁ ተሻገረ። ከተማው ፊቱን አዞረ ማለት ይቻላል። ፊት ለፊት የነበረው ጓሮ፣ ጓሮ የነበረው ፊት ለፊት ሆነ።

የመሥመሩን ታሪክ አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝምም። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ መጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ከተተካ በኋላ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። መሐንዲሶቹ የጨርጨርን ተራሮች ለመውጣት ስላልደፈሩ ሃዲዱን በተራሮቹ ግርጌ፣ በቆላው በኩል ዘረጉት። የአሰቦትም ዕጣ የወጣው በዚያ ነው፤ ተራራው ትንሽ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ባቡሩ በደጋው አልፎ እኛ የግመል መንገድ ዳር እንቀር ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ያለፉት በእኛው ደጃፍ ነው። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት የመሥመሩ ድልድዮች በፈንጂ ሲፈርሱ፣ ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡር ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ሐዘኑ ወደየጣቢያው የተሠራጨው በዚሁ ሃዲድ ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልመለስ። መጀመሪያ ነገሩን የጀመርኩት በትዕቢት እንደ ነበረ ልናዘዝ። መሥመሩን በሙሉ እሠራለሁ አልኩ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር በአንድ ለሰማንያ ሰባት ልክ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ማለት ሞዴሉ ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ሳሪስ ማዶ ይዘልቃል። ከባሕር ወለል እስከ አዲስ አበባ ያለውን ከፍታም ልጠብቅ ካልኩ አንደኛው ጫፍ የስምንት ወይም የዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ያህል ከሌላው ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ትዕቢቴን ዋጥ አድርጌ ከመኝታ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት አንድ የተጣለ አሮጌ በር ለመንኩ። በሩ ሁለት ሜትር ነው፤ ሁለት ሜትር በዚህ ልክ 174 ሜትር መሬት ያህላል። ለአሰቦት ጣቢያ ይበቃል፤ ከተማው ግን ከበሩ ውጭ ቀርቷል።

ሃዲዱም የሚያስገርም ነገር አለው። የድሮው መሥመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በሞዴሉ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ስፋቱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሞዴሉ አሥራ ስድስት ተኩል ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን በእርሳስ ሳሰምራቸው ልዩነቱ አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የምስር ፍሬ ያህላል። ነገር ግን በዚህች ምስር ምክንያት የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሃዲድ ላይ አንዲት ክንድ እንኳን መሄድ አይችልም። ይህን በክፍል ውስጥ በቃል ሰምቼው ነበር፤ የገባኝ ግን በእርሳስ ያሰመርኩት ዕለት ነው።

ስለ ጣሪያው ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ ብዙ ያለቀስኩት በእርሱ ላይ ነውና። የአገራችን ቤት ሲባል ቆርቆሮ ነው። ካርቶንም ሲላጥ በውስጡ እንደ ቆርቆሮ የታጠፈ ወረቀት ይወጣል። እኔም እንደ ማንኛውም ጀማሪ «እነሆ ቆርቆሮ!» ብዬ ደስ አለኝና ላጥኩት፣ ከደንኩትም። ሲታይ አንድ ነገር ዓይንን ይቆረቁራል፤ ቤቱ የጣቢያ ቤት ሳይሆን የዶሮ ቤት መሰለ። ምክንያቱን ያገኘሁት ስለካ ነው። የካርቶኑ አንድ ሞገድ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ሰባት ሚሊ ሜትር በሰማንያ ሰባት ሲባዛ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቆርቆሮ ሞገድ ውስጥ ልጅ ተኝቶ ማደር ይችላል! የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ሰባት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በሞዴሉ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። መፍትሔው ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ነው። የሲጋራ ወረቀቱን ብርማ ልባስ ወይም ቀጭን ብራና መሳይ ወረቀት በለስላሳ ደብተር ላይ አንጥፎ፣ በማስመሪያ እየተደገፉ በየሚሊ ሜትሩ መጫር ነው። ለአንድ ጣሪያ ከሁለት መቶ በላይ ጭረት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በቡና አተላ ቀባ ቀባ ሲያደርጉት ዝገቱ ይመጣል። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው ያ ወዳጄ የገባው።

የግድግዳውም ነገር እንዲሁ ቀላል አይደለም። ካርቶን በአንድ ወገን ብቻ ኮላ ከተቀባ ሲደርቅ እንደ ተጠበሰ ቋንጣ ይጎብጣል። መጀመሪያ የሠራሁት መጋዘን ክረምቱን ሳያልፍ ደረቱን ነፍቶ ቀረ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቸኩዬ ነበር። ወረቀት ከውጭ ከለጠፉ ከውስጥም መለጠፍ፣ ከባድ መጽሐፍ ጭኖ ማሳደር ያስፈልጋል። (የሒሳብ መጽሐፋችን ለዚህ በጣም ተስማሚ ነው።) ማጠፊያው በምላጩ ጀርባ ይጫራል እንጂ አይቆረጥም። የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ ስለሚያጋልጥ ግድግዳው ሳይያያዝ በፊት ጠርዙን ቀለም ማስነካት ይገባል። ሁለት ሜትር ከአሥር የሆነ በር ሃያ አራት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሰው ደግሞ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ልኩን የሚያሳይ አንድ ሰው ከክብሪት እንጨት ሠርታችሁ በሩ ላይ ካላቆማችሁ ዓይናችሁ ያታልላችኋል።

በዕረፍታችን ጊዜ ይህን ጅምር በካርቶን ሣጥን አድርጌ ወደ አሰቦት ወሰድኩት፤ ልኬቱንም ላስተካክል፣ ለእናቴም ላሳይ። እናቴ አየችውና፣ «ቤቱ ነው» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። ከዚያ ብዙ ዘመን በባቡር ድርጅት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችንን ጠራች። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ዞር ዞር እያሉ ተመለከቱት። እኔም ስለ መስኮቱ ቁጥርና ስለ ጣሪያው ቁልቁለት እንዲያርሙኝ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተዘጋጀሁ። እርሳቸው ግን ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተናገሩም።

«ልጄ፣ ሰዉስ የታለ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ገና ቤቱን ነው የሠራሁት።»

«ቤቱንማ ከእኔና ከጣቢያው ሹም በቀር ማን ይገባበት ነበር? ሁሉም ነገር ውጭ ነበር።»

ከዚያም የክብሪት ቀፎአቸውን ከፍተው እንጨቶቹን አንድ በአንድ በባዶው መሬት ላይ መደርደር ጀመሩ። እዚህ ወተት የሚሸጡት፣ እዚህ የከሰሉ ጆንያ፣ እዚህ ጥላው፣ እዚህ እናትህ። እዚህ ጋ ደግሞ ባቡሩ ሳይቆም የሚዘሉት። እዚህ ዕቃቸውን በመስኮት የሚወረውሩት ሴቶች፤ ፊናንስ ሲመጣ የሚሸሹትም በዚህ በኩል ነው። በኦሮምኛ የሚጣራውን፣ በሶማልኛ የሚከራከረውን፣ በአማርኛ የሚሳደበውን ሁሉ በየቦታው አስቀመጡት። እናቴ ሳቀች፤ ሁለት ሦስት እንጨቶችንም «የለም፣ እርሷ በዚህ በኩል ነበረች» እያለች አዘዋወረች። ቀፎው ባዶ ሲሆን ቤቴ ከክብሪቱ መካከል ትንሽ ሆኖ ቆመ። እኔም ሁለት ወር ሙሉ የለፋሁት በተሳሳተው ነገር ላይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የእያንዳንዱን እንጨት ቦታ በወረቀት ላይ ነደፍኩት፤ ያን ወረቀት ከዲግሪዬ በላይ እጠብቀዋለሁ።

እንግዲህ «የሞተ ባቡር ለቅሶ» ላሉኝ ልመልስ። ባቡሩ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበረ፣ ትርፉም ወደዚያው ይሄድ ነበር፣ ከጅቡቲ በቀር በር እንዳይኖረን አስሮን ነበር ይላሉ። ብዙው እውነት ነው። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ያዛወረውና የመንግሥታችን ድርሻ ግማሽ የሆነው በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ነው፤ ያውም ሃዲዱ አዲስ አበባ ከገባ ከአርባ ዓመት በኋላ። ዳሩ ግን ሃዲዱን ተሸክሞ የዘረጋው፣ ፍም የጫረው፣ ፉርጎ ያያያዘው ማን ነው? የምድር ባቡር ሠራተኞች በአገራችን ቀድመው ማኅበር ካቋቋሙት፣ ቀድመውም ሥራ በማቆም መብታቸውን ከጠየቁት መካከል መሆናቸውን የዚህ መጽሔት አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም። የካርቶን ሞዴል የኩባንያ ሐውልት የሚሆነው ሠሪው ቤቱን ብቻ ሠርቶ ሰዉን የተወው እንደሆነ ነው። እኔም ሳላውቅ እንዲሁ ላደርግ ነበር።

ደግሞም «ሞዴል» የሚለው ቃል ለእኛ ለጨርጨር ልጆች እንግዳ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከጣልያን ወረራ በፊት ጨርጨርን ሲገዙ አውራጃውን ለሌላው አገር አርአያ እንዲሆን ታስቦ አሰበ ተፈሪን ከተማ አድርገው አቋቋሙ። አገር ሙሉ ሞዴል ለማድረግ የተሞከረበት ምድር ልጅ አንዲት ጣቢያ በካርቶን ቢሠራ በዛበት?

«ጊዜው የጨዋታ አይደለም» የሚለው ተቃውሞ ግን ይከብደኛል፤ ሥራ አጥነቱን፣ የኑሮ ውድነቱን፣ በየቤታችን ያለውን ጭንቀት እኔም አውቀዋለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ላስታውስ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 አንድ የባቡር ሞዴል ክበብ አቋቋሙ። ገሚሶቹ ከጠረጴዛው በላይ ቤትና ተራራ ይሠሩ ነበር፤ ገሚሶቹ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድመው ከስልክ ቤት በተገኘ አሮጌ ዕቃ ሽቦውንና መቀያየሪያውን ያያይዙ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የነበሩት ልጆች በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ተቋሙ ኮምፒዩተሮች ተሻገሩ፤ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱ የሆነው «ስፔስዋር» በ1962 የተጠናቀቀው ከዚያው ክበብ በወጡ ልጆች እጅ ነው። «ሃከር» የሚለውን ቃልም ለኮምፒዩተር ሰው መጠሪያ ያደረጉት እነርሱ ናቸው ይባላል። እኛም እንዲሁ እንሆናለን እያልኩ አይደለም፤ እኔ ያለኝ ከተበላሸ የሲዲ ማጫወቻ የወጣ አንድ ሞተር ብቻ ነው፣ እርሱም ባቡሩን ወደ ኋላ ብቻ ይነዳዋል። የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ይህን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ከእነርሱ ይልቅ የምቀየመው በሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነው። በ1940ዎቹ በተቋቋመው በኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በአገራችን ሥነ ሕንፃ የሚማር ሁሉ በካርቶን ሞዴል ሲሠራ ያድራል፤ ምላጭ አያያዝን እንደ እነርሱ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን የሚሠሩት ገና ያልተሠራ ሕንፃ ነው፤ ሃያ ፎቅ፣ መስተዋት፣ ጣሪያው ላይ መናፈሻ። ማርኩ ከተሰጠ በኋላ ሞዴሉ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ሊፈርስ የተቃረበውን ቤት በዚያ እጃቸው ቢሠሩት ምን ይጎድልባቸዋል? የለገሃር ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ ሕንፃ ስለሆነ ተከራካሪ አያጣም፤ የድሬዳዋውንም የጥገና ግቢ ጎብኚ ይፈልገዋል። አርባን፣ አሰቦትን፣ ሙሉን፣ አፍደምን፣ ጎታን፣ ኤረርን፣ ሁርሶን ግን ማን ይለካቸዋል? ሃዲዱ ከብዙ ቦታ ተነሥቷል፤ ብረቱ ዋጋ ስላለው ነው። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኔ ማልቀሱንም መላሱንም ትቼ በሜትር ልለካው ፈልጌአለሁ።

አንድ ጠብ ደግሞ ከራሴ ደጋፊዎች ጋር አለኝ። ሁለት ሦስት ልጆች ሐሳቤን ወደውት ሲያበቁ፣ ጣቢያውን አሳምረን፣ ኖራ ቀብተን፣ አበባ ተክለን፣ ባንዲራ ሰቅለን እንሥራው አሉኝ። እንዲህ ከሆነ ከአልፕስ ጣቢያው በምን ተለየ? እኔ የምለው፣ እያንዳንዱ ሞዴል ዓመተ ምሕረት ይኑረው። ሠሪው አንድ ዓመት ይምረጥና ከበታቹ ይጻፍበት፤ ከዚያ ወዲያ ያ ዓመት ያልነበረው ነገር አይግባ፣ የነበረውም አይውጣ። የእኔ 1990 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ባቡሩ ይመላለስ ነበር፤ እናቴም በጥላው ሥር ነበረች። በዚያ ዓመት የተሰበረው መስኮት ተሰብሮ ይቀመጣል፣ የከሰሉም ጆንያ ይቀመጣል፣ ከእነ ጥቁሩ። ኖራውን ለሌላ ዓመት መርጦ የሚሠራ ሰው ካለ መብቱ ነው፤ ግን ዓመቱን ይጻፍ።

የምጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። ከመሥመሩ ከተሞች የመጣችሁ ሁሉ፣ ከአዳማም ሆነ ከመተሐራ፣ ከሚኤሶም ሆነ ከድሬዳዋ፣ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ያዙ። ስትለኩ በሩንና መስኮቱን ብቻ ሳይሆን ከበሩ እስከ ሃዲዱ፣ ከሃዲዱ እስከ ጥላው ዛፍ ያለውን ለኩ። ዛፉ ከተቆረጠም ጉቶው እስካለ ድረስ ይለካል። ሜትር የሌለው በእርምጃው ይለካ፤ የእርምጃውን ርዝመት ግን ይጻፍ። አንድ ክብሪትም ይዛችሁ ሂዱ፤ ለአንድ ሽማግሌና ለአንዲት ሻይ ሻጭ ይበቃል።

የክበብ ፈቃድ ለማግኘት ማመልከቻ አስገብቼአለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመኝታ ክፍሌ እቆርጣለሁ። ኮላው ከእኔ ነው፤ ምላጭ የሚመጣው ሰው ይዞ ይምጣ፣ የእኔ ዶልዱሟል። ክፍሉ እንዳይጠፋባችሁ በሩ ላይ «አሰቦት» የሚል የካርቶን ሰሌዳ ለጥፌአለሁ። ያ ግድግዳዬን ያላቀቀው ወዳጄም ትናንት መጥቶ ሰሌዳውን አየና፣ «ባቡሩ ስንት ሰዓት ይመጣል?» ብሎ ቀለደ። ከዚያ ተቀምጦ አሥራ ሁለት ጭረት ጫረልኝ፤ ሁለቱ ጠማማ ናቸው፣ ግን ከድኛቸዋለሁ።